ሩጫም ዘፈንም ለተሰጣት ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣

እናትሽ ስለ ነጠላ ዜማው ነገረችኝ። በሩጫ ስምሽ መነሣት ከጀመረ ወዲህ «ስቱዲዮውን እኛ እንከፍላለን፤ ግጥሙም ዜማውም ተዘጋጅቷል፤ አንቺ ገብተሽ መዝፈን ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች መጥተዋል አሉ። «አንቺን ትሰማለች፤ ከልክይልኝ» አለችኝ። እኔ ግን አልከለክልሽም። ድምፅሽን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሠርግ ቤት አንቺ ስትቀበይ ትልልቆቹ ሴቶች እልልታቸውን ገታ አድርገው ነው የሚያዳምጡሽ። ሁለት ነገር ለተሰጠው ሰው «አንዱን ጣል» ማለት ምክር አይመስለኝም። የምነግርሽ ሌላ ነው፤ እሱን ለመንገር ግን ከበረዶ አገር የሁለት ልጆች ታሪክ ማምጣት አለብኝና ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ጀርመን በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቀው ውድድር አለ፤ የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ይባላል። ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን በምትባል የተራራ ከተማ ነው የሚካሄደው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያን ቀን ከምሳ በኋላ አዛውንቶቹን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋን ወደ ትልቁ ሳሎን እናመጣቸዋለን። ቁርስ መብላታቸውን የማያስታውሱት እንኳ የድሮ ዘላዮችን ስም ከነዓመቱ ይነግሩሻል። ስለዚህ ስፖርት ያወቅሁት ከእነሱ አፍ ነው፤ በኋላም እየወደድኩት ሄጄ ስለ ዘላዮቹ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

ዘላዩ ማማው አናት ላይ በተጋደመ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ከእግሩ ሥር ሁለት የበረዶ ቦዮች ቁልቁል ወርደዋል። መነጽሩን ያስተካክላል፣ ዓይኑን ታች ከቆመው አሠልጣኝ ላይ አይነቅልም። አሠልጣኙ ባንዲራውን ሲያወርድ ዘንጉን ይለቃል፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ ደረቱን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይወርዳል። ማማው ትንሽና ትልቅ አለው፤ በትልቁ ማማ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጠርዙ ላይ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መነሣት አለበት፤ ጥቂት ከቀደመ ወይም ከዘገየ የዚያ ዝላይ ነገር አበቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው አየሩ ላይ መተኛት ነው። ሲያርፍም ዝም ብሎ አይወድቅም፤ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ነው የሚያርፈው። አምስት ዳኞች አቋሙን አይተው ነጥብ ይሰጡታል፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣልና የሦስቱ ከርቀቱ ነጥብ ጋር ይደመራል። ሴቶች ይህን በኦሎምፒክ እንዲዘሉ የተፈቀደላቸው በ2014 ሶቺ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋን ወርቅ የወሰደችውም ካሪና ፎግት የተባለች ጀርመናዊት ናት። ይህን ያህል ዘመን ሴቶችን በር ላይ ማቆማቸው አሁንም ያናድደኛል።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ። በ1984 በሳራዬቮ ኦሎምፒክ የ20 ዓመቱ ፊንላንዳዊ ማቲ ኒካነንና የ19 ዓመቱ የምሥራቅ ጀርመን ልጅ የንስ ቫይስፍሎግ ተገናኙ። በዕድሜ የሚለያዩት በአንድ ዓመት ከአራት ቀን ብቻ ነው። የንስ አጭርና ቀጭን ስለነበር «ቁንጫው» ነበር የሚሉት። በትንሹ ማማ ቁንጫው ወርቅ፣ ማቲ ብር ወሰዱ፤ የለያቸው 1.2 ነጥብ ነው። ከስድስት ቀን በኋላ በትልቁ ማማ ተራው ተገለበጠ፤ ማቲ ወርቅ፣ ቁንጫው ብር። የዚህኛው ልዩነት 17.5 ነጥብ ነበር። በዚህ ስፖርት እንዲህ ያለ ርቀት ማለት የቀረው ሰው ሌላ ውድድር ላይ ነበር እንደ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓለምን የገዛው ማቲ ነው። ዪቫስኪላ በምትባል ከተማ ተወልዶ ከሰፈሩ ማማ ሳይለይ ያደገ ልጅ ነው። ማቲ ፑሊ የሚባል አሠልጣኝ ነበረው፤ «ዘገየህ፣ እንደገና ውጣ» የሚለው ሰው ማለት ነው። በ1988 ካልጋሪ ላይ ነፋሱ ውድድሩን ደጋግሞ ሲያስተላልፈው ሌሎቹ ተረበሹ፤ እሱ ግን ትንሹን ማማ፣ ትልቁን ማማና የቡድኑን ውድድር ጠራርጎ ሦስት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱንም ማማ በአንድ ኦሎምፒክ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። በዓለም ዋንጫ 46 ጊዜ አንደኛ ወጥቷል፤ የዓመቱን አጠቃላይ ዋንጫም አራት ጊዜ ወስዷል። ቁንጫው ከዚያው ከካልጋሪ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው።

እንግዲህ የምፈልገው ቦታ ላይ ደረስኩ። ማቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዝላዩን ሲተው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ዘፈን እየተማረ ያደገ ሰው አይደለም። ነገር ግን ፊንላንድ ውስጥ ስሙን የማያውቅ አልነበረምና ሰዎች መጡ፤ «ዝፈን» አሉት። በ1992 የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ፤ ከ25,000 በላይ ተሸጦ የወርቅ ሽልማት አገኘ። ሁለተኛው በዓመቱ ተከተለ፤ ያ ግን እንደ መጀመሪያው አልሄደም። የገዛው ሰው ኒካነን ሲዘፍን ምን ይመስላል የሚለውን ለማወቅ ነበር የገዛው፤ አንዴ ካወቀ ደግሞ ሁለተኛ የሚገዛበት ምክንያት የለውም።

የቀረውን በአጭሩ እነግርሻለሁ፤ ብዙ መዘርዘር አልወድም። ገንዘቡ አለቀ፤ ሜዳሊያዎቹን እስከ መሸጥ ደረሰ። ለገንዘብ ሲል መድረክ ላይ ልብሱን ያወለቀበት ጊዜም ነበር። በ2004 ሰው በስለት ወግቶ እስር ቤት ገባ፤ በኋላም ሚስቱን በመጉዳት ተፈርዶበታል። ይህን «ምስኪን ጀግና» እያልሽ እንዳታልፊው። የተወጋ ሰው አለ፤ የተደበደበች ሴት አለች፤ በአራት የኦሎምፒክ ወርቅ የሚካካስ ነገር አይደለም። በ2019 በ55 ዓመቱ አረፈ።

ዘፈን ነው ያጠፋው ብዬ ግን አልነግርሽም። መጠጡ ከዘፈኑ በፊት ነበር፤ በሚዘልበት ዘመንም በዚሁ ምክንያት ከቡድኑ ወደ ቤቱ ተመልሶ ያውቃል። እኔ ደጋግሜ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ማማው ላይ «ዘገየህ» የሚለው ሰው ነበረው። ማይኩ ፊት ሲቆም ግን እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡ የነበረ አይመስለኝም። አልበሙ ተሸጧል፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ያን ጊዜ ደፍሮ «ገና ነህ፤ ሂድና ተማር» የሚል ማን አለ? ሰዎቹ የሚሸጡት ስሙን ነበር፤ ስም ደግሞ ልምምድ አያስፈልገውም። ያቺ የተጠጋችሽ ግብዣም እንዳትሆን የምፈራው ይህንኑ ነው። «ገብተሽ መዝፈን ብቻ ነው» ያሉሽን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። አሠልጣኝሽ ሱሉልታ ላይ አንድ ቀን «ዛሬ መሮጥ ብቻ ነው» ብሎሽ ያውቃል? ማሟሟቁ አለ፣ ፍጥነቱ አለ፣ ዕረፍቱ አለ፣ ቁጣው አለ። የዘፈኑ ሰው የማይቆጣሽ ከሆነ ጉሮሮሽ ግድ አልሰጠውም ማለት ነው።

አሁን የቁንጫውን ስሚ። ይህኛው ነው እኔን እንቅልፍ ያሳጣኝ።

በእነሱ ዘመን ሁሉም ዘላይ አየር ላይ ሁለቱን ሸርተቴዎች ጎን ለጎን ገጥሞ ነበር የሚበረው፤ ውበትም ይኸው ነበር። ያን ቦክሎቭ የሚባል አንድ ስዊድናዊ መጣና የሸርተቴዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ ከፍቶ መብረር ጀመረ። ዳኞቹ አስቀያሚ ነው ብለው ነጥብ ይቀንሱበት ነበር። ቀንሰውበትም በ1988ና 89 የውድድር ወቅት የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ድል ወሰደ። ምክንያቱም ሸርተቴዎቹ ሲከፈቱ የዘላዩ ገላም አየሩን ያገኘዋል፤ አየሩ የሚሸከመው ስፋት ይጨምራል፤ ርቀቱም ይረዝማል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም መለወጥ ግድ ሆነበት። ለጀማሪ ልጅ ቀላል ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ የኦሎምፒክ ወርቅ በደረቱ ሰቅሎ፣ ሰውነቱ በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ አንድ ነገር ለለመደ ሰው ግን ዕድሜ ልክሽን በቀኝሽ ስትጎርሺ ኖረሽ ከዛሬ ጀምሮ በግራሽ ብቻ ጉረሺ እንደ መባል ነው። ያውም አየር ላይ።

አገሩም አብሮ ተለወጠ። ያሳደገችው ምሥራቅ ጀርመን በ1990 ከምዕራቡ ጋር ተዋሐደች፤ የተሠራበት የስፖርት ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። በ1992 አልበርቪል ኦሎምፒክ ላይ አዲሱን አበራረር ገና በደንብ ሳይዘው ተሰለፈና ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ብዙዎቹ አዛውንቶቼ «ያኔ አበቃለት ብለን ነበር» ይሉኛል። እሱ ግን ትናንሽ ልጆች የሚማሩትን ነገር ከእነሱ ጋር ተማረ። በ1994 ሊለሀመር ላይ፣ ከሳራዬቮ አሥር ዓመት በኋላ፣ በትልቁ ማማ ወርቁን ወሰደ። መጀመሪያው ዙር ላይ የመራው የአዘጋጇ አገር ልጅ ኖርዌያዊው ኤስፐን ብሬደሰን ነበር፤ ሕዝቡም ለእሱ ነበር የሚጮኸው። ቁንጫው በሁለተኛው ዝላይ ቀደመው። በቡድን ውድድሩም ጀርመኖቹ አሸነፉ። ጃፓኖች ወርቁን እጃቸው ላይ ይዘውት ነበር፤ ቁንጫው 135.5 ሜትር ዘለለና ከእሱ ቀጥሎ የተነሣው ማሳሂኮ ሃራዳ 97.5 ሜትር ላይ ቀረ። ለሃራዳ አሁንም ያዝናል ሰው፤ እኔም አዝናለሁ።

በ1996 የአራቱን ማማዎች ውድድር፣ ያ የአዲስ ዓመቱ ዝላይ አንዱ ክፍል የሆነበትን፣ ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈና በዚያው ዓመት አቆመ። ከዚያስ? ኦበርቪዘንታል የምትባል፣ ቼክ ድንበር አጠገብ ያለች፣ እሱ በልጅነቱ የሠለጠነባት የተራራ ከተማ ውስጥ ሆቴል ከፈተ። ሆቴሉ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ስሙን አልጣለውም፣ መጣልም አልነበረበትም። ግን ስም አልጋ አያነጥፍም። ቁርስ በሰዓቱ መቅረብ አለበት፤ ክረምት ላይ ደጁ ላይ የተከመረው በረዶ መጠረግ አለበት፤ የባንክ ብድር መከፈል አለበት። ሜዳሊያውን ሊያይ የመጣ እንግዳ ክፍሉ ከቀዘቀዘው ዳግመኛ አይመጣም። ይህ ሰው ሆቴሉን እንዴት ሊይዘው ቻለ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ሊለሀመር ላይ ያለ ይመስለኛል። ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ከጀማሪ ተርታ መቆምን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው ሌላ ሙያ ሲይዝ ከታች መጀመር አያሳፍረውም።

አንቺ ግን «አክስቴ፣ እኔ ሆቴል አልፈልግም፤ መዝፈን ነው የምፈልገው» ትይኛለሽ። ደግ። ለዚህም ከዚያው ከፊንላንድ ሰው አለኝ። ታፒዮ ራውታቫራ በ1948 ለንደን ላይ በጦር ውርወራ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። በ1958 ደግሞ በቀስት ከአገሩ ቡድን ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አገሩ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው በዘፋኝነቱ ነው፤ ፊልምም ሠርቷል። ከሞተ ከ1979 ወዲህ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ዘፈኖቹ ይሰማሉ። ማቲ ያልተሳካለት እሱ እንዴት ተሳካለት? ዓመቶቹን ተመልከቺ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደሮች ሬዲዮ ላይ ይዘፍን ነበር። ሸክላ ማስቀረጽ የጀመረው በ1946 ነው። ወርቁ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሜዳሊያው ሲመጣ ድምፁ ሥራ ላይ ነበር፤ ሜዳሊያው አድማጭ ጨመረለት እንጂ ዘፋኝ አላደረገውም።

ስለዚህ የምልሽ ይህ ነው፦ አሁኑኑ ጀምሪ፣ ግን ከታች ጀምሪ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ድምፅ የሚያስተምር ሰው ፈልጊ። በሳምንት ሁለት ማታ ይበቃል፤ ጠዋትሽን ለሩጫ ተይው። ትንፋሽሽ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ትገፊያለሽ፤ ነገር ግን ሯጭ ትንፋሹን የሚያወጣበትና ዘፋኝ የሚቆጥብበት መንገድ አንድ አይደለም፤ እሱን የሚያሳይሽ ሰው ያስፈልግሻል። ስምሽን የማያውቅ ሰው ፊት ዝፈኚ። ከልምምድ ጓደኞችሽ ርቀሽ፣ ሜዳሊያሽ ባልተነገረበት ቤት፣ ለማኅበር ወይም ለሠርግ። እዚያ «እስቲ ድገሚው» ካሉሽ የራስሽ ነው።

ሌላ የማልተወው ነገር አለ፤ እሱም ገላሽ ነው። በበረዶው ዝላይ ቀላል ሰው ሩቅ ይበራል፤ ስለዚህ ልጆቹ ይራቡ ነበር። ስቬን ሃናቫልድ የሚባል፣ ከቁንጫው ጋር አንድ የትውልድ ቦታ ያለው፣ ኤርላብሩን የተወለደ ጀርመናዊ አለ። በ2002 መጀመሪያ ላይ የአራቱን ማማዎች ውድድር አራቱንም ቀን በማሸነፍ ከእሱ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ አካሉም አእምሮውም ዝሎ ሐኪም ቤት ገባ። አልደበቀውም፤ ደክሞኛል፣ ታምሜያለሁ ብሎ ለሕዝብ ተናገረ፤ በ2005 ዝላዩን ተወ። በኋላ መኪና ተወዳደረ፤ ቴሌቪዥን ላይ ዝላዩን የሚተነትን ሰው ሆነ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም በ2004 ሕግ አወጣ፤ ከቁመቱ አንጻር በጣም የቀለለ ዘላይ አጠር ያለ ሸርተቴ እንዲይዝ ተደረገ፤ መራብ ርቀት እንዳያመጣ ማለት ነው።

በሩጫ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ራስሽ ነሽ ሕጉ። የወር አበባሽ ከቀረ «ልምምድ ስለበዛ ነው፣ የሯጭ ነገር ነው» የሚሉሽን እንዳትሰሚ። ምግቡ ከልፋቱ ሲያንስ ነው የሚቀረው፤ ሲቆይ አጥንት ይሳሳል፤ ከዚያ የሚመጣው ስብራት ነው። ይህን ለአሠልጣኝሽ መናገር ካፈርሽ ለእኔ ንገሪኝ፤ ለሐኪም መንገር ግን ግድ ነው። ድካሙ ከእግርሽ ወደ ልብሽ ከገባ፣ ጠዋት መነሣት ከከበደሽ፣ መዝፈንም መሮጥም ካስጠላሽ፣ እንደ ሃናቫልድ አውጥተሽ ተናገሪ። እናትሽ ጸበል ትልሻለች፤ ሂጂ፤ ሐኪሙንም አትዝለዪ።

የሰዎቹን ወረቀት በተመለከተ፣ ሳትፈርሚ ስቱዲዮ እንዳትገቢ፤ ሳታነብቢ ደግሞ እንዳትፈርሚ። አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 410፣ በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. ነው፤ የዘፋኙንም መብት ይጠብቃል። ውሉ ላይ የምትፈልጊው፦ የተቀዳው ዘፈን የማን ንብረት ይሆናል? ዩቲዩብና ሌላው ላይ ከሚገባው ገንዘብ ድርሻሽ ስንት ነው? ለስንት ዓመት ነው የሚያስሩሽ? ለሌላ ሰው መዝፈን ትችያለሽ? የሩጫ ስፖንሰርሽ ከሚከለክለው ነገር ጋር አይጋጭም? «እሱን በኋላ እናስተካክላለን» ካሉሽ ቡናሽን ጠጥተሽ አመስግነሽ ተነሺ። ዜማው በእርግጥ ለአንቺ ድምፅ የተሠራ ከሆነ አንድ ዓመት ቢቆይ አይበላሽም፤ አንቺም በዚያ ዓመት ውስጥ ትማሪበታለሽ። የማይጠብቁሽ ከሆነ የዚህን ዓመት ስምሽን ነበር የፈለጉት።

ወረቀቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። አዲስ አበባ የማውቃት ጠበቃ አለች፤ አሳያታለሁ፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ደውዪ፤ ምሽት ፈረቃ ስለሆንኩ እስከ ስምንት ሰዓት ቤት ነኝ። እናትሽን እኔ አናግራታለሁ።

አክስትሽ